መድኃኒት በልክ፥ ሕመምተኛም በስሙ

ከአዲስ አበባ መካከል ተነሥቶ ወደ ቃሊቲና ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው ጎዳና የሚወርድ መንገደኛ ሳሪስ አቦ የሚባለውን ሰፈር ያገኛል። ሰፈሩም ይህን ስም ያገኘው በዚያ ካለው ከአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወር በገባ በ5ኛው ቀን መንገዱ ነጠላ በለበሰ ምእመን ይሞላል፤ በሌላው ቀን ግን የሚበዛው የጭነት መኪና ድምፅና የነጋዴ ጥሪ ነው። እኅቴ በዚህ ሰፈር ከተቀመጠች ብዙ ዓመት ስለ ሆናት፥ እኔም ለጥየቃ በሄድሁ ቁጥር ልጆቿን ሳያቸው ትናንት የታቀፍኋቸው ዛሬ ከእኔ ቁመት በልጠው አገኛቸዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ስሄድ የእኅቴ ልጅ ከሦስት ባልንጀሮቿ ጋር በሳሎኑ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣ ነበር። ሦስቱ ሴቶች፥ አንዱ ወንድ፥ አራቱም የነርስነት ትምህርት የተማሩ ናቸው። በፊታቸው የተዘረጋው የፈተና ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት ነው፤ አንዱ ያነባል፥ ሌሎቹ በየደብተራቸው ያሰላሉ፥ ከዚያም መልሱን እያስተያዩ ይከራከራሉ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ብዬ ከአጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ ሆኖም ቡናው ሦስተኛውን ደርሶ እንኳ ከዚያ አልተነሣሁም።

የዚህ ነገር ክብደት ላልገባው አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በአገራችን አንድ ነርስ ትምህርቱን ጨረሰ ተብሎ ብቻ ሕመምተኛ አይሰጠውም። የጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና ባለሙያዎች አገር አቀፍ የፈቃድ ፈተና ይሰጣል፤ የትምህርት ሚኒስቴርም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቁት ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲቀመጡና ከመቶ 50 እንዲያገኙ አድርጓል። በጠረጴዛው ዙሪያ ከነበሩት አንዲቱ ባለፈው ጊዜ ተፈትና በጥቂት ነጥብ የቀረች ናት። እናቷ ጉሊት ቸርቻሪ ሆና እንዳስተማረቻት፥ አሁንም የቤት ኪራዩን እናቷ እንደምትከፍል እኅቴ በጆሮዬ ነገረችኝ። ስለዚህ ሌሎቹ ሲስቁ እርሷ አትስቅም ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነው። 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ትኩሳት ይዞታል፤ ሐኪሙ ለአንድ ኪሎ 15 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አዟል፤ በእጅ ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ነው፤ ስንት ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል? ይህ ለሕፃን ልጅ እንኳ የሚከብድ ሒሳብ አይደለም። 8 በ15 ሲባዛ 120 ይሆናል፤ እንግዲህ መልሱ 5 ሚሊ ሊትር ነው። አራቱም ወዲያው መለሱ።

ነገር ግን የእኅቴ ልጅ ወረቀቱን ሳታልፍ፥ «ብልቃጡ ሌላ ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀች። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የፓራሲታሞል ሽሮፕ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና፤ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም የያዘም አለ። ከዚህኛው ለዚያ ሕፃን የሚገባው 2.4 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። እናት «አምስት ነው የተባልሁት» ብላ ከሁለተኛው ብልቃጥ 5 ብትሰጥ ልጁ ከሚገባው እጥፍ በላይ ወሰደ ማለት ነው። ይህም በቀን ሦስትና አራት ጊዜ፥ ቀን በቀን ቢደጋገም ጉበትን የሚጎዳ ነገር ነው።

ይህን ስሰማ እኔ ራሴ ዝም ብዬ አቀረቀርሁ። የመጨረሻው ልጄ ሕፃን በነበረ ጊዜ የቀድሞው ብልቃጥ አልቆ ሌላ ገዝተን፥ ስሙ አንድ መሆኑን ብቻ አይተን በቀድሞው ልክ ሁለት ቀን ሰጥተነው ነበር። በሦስተኛው ቀን ጽሑፉን ያነበበችው ባለቤቴ ናት። እግዚአብሔር ጠብቆን ልጁ ምንም አልሆነም፤ የሸጠልን ሰው ግን አንዳች ቃል አልተናገረም፥ እኛም አልጠየቅንም። በየቤታችን ስንቶቻችን የብልቃጡን ስም እንጂ ቁጥሩን እናነባለን? ሹም የሆነ፥ ደብዳቤ ሁሉ በፊርማው የሚያልፍ ሰው፥ ለልጁ የሚሰጠውን መድኃኒት ጽሑፍ ሳያነብ ያሳልፋል። ማንኪያውም ሌላ ነገር ነው፤ የወጥ ማንኪያ፥ የሻይ ማንኪያ፥ የስኳር ማንኪያ እየተባለ በየቤቱ ልኩ ይለያያልና፥ ከመድኃኒቱ ጋር ከሚመጣው መስፈሪያ ወይም መርፌ ከሌለው ሲሪንጅ በቀር በሌላ መስፈር እንደማይገባ ልጆቹ አጥብቀው ነገሩኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ በተለምዶ ጉሉኮስ ስለምንለው፥ በደም ሥር ስለሚንጠባጠበው ፈሳሽ ነው። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ታዟል፤ ቱቦው 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር የሚሆንበት ነው፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይውረድ? 1000 በ20 ተባዝቶ በ480 ደቂቃ ሲካፈል 41.67 ይመጣል፤ ጠብታ ስለማይከፈል 42 ይባላል። ወንዱ ልጅ ግን በወረቀቱ ጀርባ የተጻፈው መልስ 125 ነው አለ። ጥቂት ተጨነቁ፥ እንደ ገና አሰሉ። ኋላ እንደ ተረዱት 125 በሰዓት የሚገባው የሚሊ ሊትር ቁጥር እንጂ በደቂቃ የሚወርደው ጠብታ አይደለም። መልሱን የጻፈው ሰው ተሳስቷል፤ ወረቀቱም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስሕተቱ አብሮ ተላልፏል። በፈተና ላይ ጥፋቱ አንድ ነጥብ ነው። በአልጋ አጠገብ ግን በደቂቃ 125 ጠብታ ቢለቀቅ፥ ለ8 ሰዓት የታሰበው ፈሳሽ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አልቆ ይገኛል።

በዚህ ነገር ላይ የእኔን አሳብ ልናገር። መልሱን ‹ሀ› ወይም ‹ለ› ብሎ ብቻ የሚያስጠና፥ ምክንያቱን የማይጽፍ ወረቀት ባይኖር ይሻላል። እንዲህ ያለው ወረቀት ተማሪውን ፊደል ያስጠናዋል እንጂ ሙያ አያስተምረውም። ሌላም ችግር አለበት። ከእነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹ ለአሜሪካ ነርሶች የፈቃድ ፈተና ከተዘጋጁት የተገለበጡ ናቸው። በእነርሱ ጥያቄ ውስጥ ፈሳሹን የሚቆጥር መኪና አለ፥ ሕመምተኛው ነርስ የሚጠራበት ደወል አለ፥ ክብደቱም በፓውንድ ነው። በእኛ አገር ክፍል ውስጥ ግን ነርሷ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቷን አይታ ጠብታውን በዓይኗ ትቆጥራለች፤ ነርስ የሚጠራውም በአልጋው ግርጌ የተቀመጠው ዘመድ ነው። በፓውንድ የተጻፈውን ወደ ኪሎ ለመመለስ በ2.2 መካፈል ያስፈልጋል። 22 ፓውንድ ያለው ሕፃን 10 ኪሎ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ 22 ኪሎ ነው ብሎ ያሰላ ሰው መድኃኒቱን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ከውጭ አገር መማር መልካም ነው፤ ነገር ግን ከእኛ አልጋ ጋር ማስተያየት የአስተማሪው ድርሻ ነው።

ከጠብታው ጥያቄ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሌለበት ጥያቄ ነበር። አንድ ሽማግሌ ፈሳሽ እየወረደላቸው ሳለ ትንፋሽ አጠራቸው፥ ሳል ያዛቸው፥ እግራቸውም አበጠ፤ ነርሷ አስቀድማ ምን ታደርጋለች? ባለፈው ጊዜ የቀረችው ልጅ ሳትቸኩል መለሰች፤ ፈሳሹን ትገታለች፥ ሽማግሌውን ቀና አድርጋ ታስቀምጣለች፥ ሐኪሙን ትጠራለች አለች። «በደቂቃ 42 ነው ተብሎ ታዟልኮ» አላት ወንዱ ልጅ ሊፈትናት። እርሷም፥ «42 የተባለው ትናንት ለነበሩት ሰው ነው» ብላ መለሰች። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ሁሉ ይህን የሚያህል ቃል አልሰማሁም። ልኩ በወረቀት ላይ ነው፥ ሕመምተኛው ግን በአልጋ ላይ ነው፤ ሁለቱን የምታገናኘው የነርሷ ዓይን ናት።

ይህንኑ የሚያስረዳ ሌላ ጥያቄ አነሡ። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ከፍ ብሎ መንቀጥቀጥ ለያዛት ሴት ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መድኃኒት ይሰጣታል። ልኩ በመመሪያ የተወሰነ ስለ ሆነ ብዙ ሒሳብ የለበትም። ሆኖም ነርሷ ወይም አዋላጇ የሚቀጥለውን ከመውጋቷ በፊት ሦስት ነገር ማየት አለባት። የሴቲቱ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 እንዳያንስ፥ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳያንስ፥ ከጉልበቷ በታች ያለው ጅማት በቀስታ ሲመታ እግሯ እንዲፈናጠር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መድኃኒቱ በሰውነቷ ተጠራቅሟል ማለት ነውና መርፌው ይቆያል፤ ትንፋሿ ቢቆም የሚሰጠው ካልሲየም ግሉኮኔትም በቅርብ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። እንግዲህ በዚህ ላይ ነርሷን የሚፈቅድላት ወይም የሚከለክላት የሴቲቱ ጉልበት ነው ማለት ይቻላል።

ክርክሩ ከሁሉ የበረታው ስለ አንዲት የስኳር ሕመምተኛ አሮጊት በቀረበው ጥያቄ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ተኝተዋል፤ ጠዋት 10 ዩኒት ኢንሱሊን ታዞላቸዋል፤ ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትመጣ፥ «ሁዳዴ ነው፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም» አሏት። ምን ታድርግ? አንደኛው መልስ እንደ ታዘዘው ትውጋ ይላል፤ ሁለተኛው እምቢ አሉ ብላ ጽፋ ትለፍ ይላል፤ ሦስተኛው ሕመምተኛ እንዲጾም እንደማይገደድ ትገሥጻቸው ይላል፤ አራተኛው መቼ እንደሚበሉ ጠይቃ፥ በደማቸው ያለውን ስኳር ለክታ፥ ሳትወጋ ለሐኪሙ ታስታውቅ ይላል።

ወንዱ ልጅ ሦስተኛውን መረጠ፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለታመመ ሰው እንደሚያዝን ስለሚያውቅ እውነት አለኝ ብሎ ነው። አንዲቱም አንደኛውን መርጣ የሐኪም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው አለች። የእኅቴ ልጅ ግን እንዲህ ስትል አስረዳች። ኢንሱሊን ተወግቶ እህል ካልተበላ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ ሰውየው ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ቶሎ ካልደረሱለትም ራሱን ስቶ ይሞታል። ትእዛዙ ትክክል ሆኖ ሳለ ሴትዮዋ ባልበሉበት ሰዓት ስሕተት ይሆናል። ብትገሥጻቸው ደግሞ አሮጊቲቱ ለእርሷ «እሺ በልቻለሁ» ይሏታል፥ ትሪውን ግን ለዘመድ ይሰጡታል፤ ነርሷም በልተዋል ብላ ትወጋለች። በዚህ ጊዜ ሳሎኑ ሁሉ ሳቀ፤ እንዲህ ያለች አያት የሌለችው ሰው አልነበረምና። መልሱ አራተኛው ሆነ። የንስሐ አባታቸው እንዲነግሯቸው ማድረግ ከነርሷ ግሣጼ ይልቅ እንደሚጠቅምም ተነጋገሩ፤ ይህ ግን በወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ብዙ ሕመምተኞች የኤች አይ ቪን መድኃኒት ይተዉ በነበረበት ወራት፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረዋል። መድኃኒቱ ያው፥ ልኩም ያው ነበር፤ በሰውየው ልብ ያለውን የሚያውቅ ሰው እስኪናገር ድረስ ግን በብዙ ሰው አፍ አልገባም።

ቁጥርን የመጻፍ ነገር ቀላል መስሎ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነው። ዩኒት የሚለውን ቃል አሳጥሮ በአንዲት የላቲን ፊደል የሚጽፍ ሐኪም ፊደሏ ከላይ ከተዘጋችበት ዜሮ ትመስላለች፤ 10 የነበረው 100 ይሆናል። ግማሽን ሲጽፉ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ይደረጋል፥ 0.5 ይባላል፤ ዜሮው ከቀረ ነጥቡ ሳይታይ 5 ይሆናልና። ሙሉ ቁጥር ሲሆን ግን ከኋላው ነጥብና ዜሮ አይጨመርም፤ 5.0 የተባለው 50 ሆኖ ይነበባል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. በመድኃኒት አሰጣጥ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ለመንግሥታት ሁሉ ጥሪ ያቀረበው እንዲህ ያለው ጥቃቅን ስሕተት በሀብታሞቹ አገሮችም ሳይቀር ብዙ ሰው ስለሚጎዳ ነው።

ነርስነት በአገራችን እንደ ዝቅተኛ ሥራ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር፤ አሁንም ልጁ ነርስ ልሁን ስትለው ፊቱን የሚያጠቁር አባት አይታጣም። እንዲህ ያለው ሰው የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው። ልዕልቲቱ በስደት ዘመን በሎንዶን ከተማ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደ ማንኛዋም ተማሪ ተምረው፥ በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመርቀዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆናቸው የመድኃኒቱን ልክ ከማስላት አላዳናቸውም፤ እርሳቸውም አልፈለጉትም። ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት እንዳገለገሉ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ በወጣትነታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ነርሶችን ለገጠሩ ሕዝብ ማስተማር ጀመረ። ዛሬ በሳሪስ አቦ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚከራከሩት ልጆች የእነዚያ ተከታዮች ናቸው።

የጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባወጣው ዕቅድ ባለሙያው ርኅሩኅ፥ አክባሪና ተንከባካቢ ይሁን ይላል። መልካም ቃል ነው። እኔ ግን አክብሮት ብቻውን የሚያሳስትበት ስፍራ እንዳለ የተማርሁት ከዚያ ጠረጴዛ ነው። ተማሪዎቹ ሁልጊዜ የሚደግሙት አምስት ነገር አለ፤ ለትክክለኛው ሰው፥ ትክክለኛው መድኃኒት፥ በትክክለኛው መጠን፥ በትክክለኛው መንገድ፥ በትክክለኛው ሰዓት። ከአምስቱ በእኛ አገር የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ነው። የእኛ ሰው በቤተ ሰብ ስም አይጠራም፤ በራሱና በአባቱ ስም ነው። በአንድ ክፍል ሁለት ወይዘሮ አልማዝ ቢተኙ ማንም አይደነቅም። ነርሷም ጨዋ ልጅ ስለ ሆነች ሁሉንም «እማማ» እያለች ትጠራለች፥ ስማቸውን መጥራት ድፍረት ይመስላታልና። «እማማ፥ ወይዘሮ አልማዝ እርስዎ ነዎት?» ብላ ብትጠይቅ፥ ጆሯቸው የደከመ አሮጊት ልጅቱን እንዳያሳፍሩ ብለው «አዎን ልጄ» ይላሉ። በዚህ አኳኋን የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ይደርሳል። ስለዚህ ትክክለኛው አጠያየቅ ስምን አስቀድሞ አለመናገር ነው፤ ሕመምተኛው ራሱ ስሙን ከነአባቱ እንዲናገር ጠይቆ ከካርዱ ጋር ማስተያየት ነው።

ይህን ሲነጋገሩ እናታችን ከጓዳ ወጡ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የደም ግፊት ክኒናቸውን ማታ ማታ የምትሰጣቸው ይህችው የእኅቴ ልጅ ናት። ሰዓቱም ደርሶ ነበርና ክኒኑንና ውኃውን ይዛ ተነሥታ፥ ባልንጀሮቿ እያዩአት፥ እንደ ተረኛ ነርስ በአያቷ ፊት ቆመች።

«ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» አለቻቸው።

እናታችን መጀመሪያ እኔን አዩ፥ ቀጥሎ እርሷን። «አንቺ ልጅ፥ አሁን ስሜ ጠፋሽ?» አሉ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ፈተና እንደሆነና ይህን ሳትጠይቅ ለማንም መድኃኒት መስጠት እንደማይገባት አስረዳቻቸው። እናታችንም ነጠላቸውን አስተካክለው፥ ቀና ብለው፥ ስማቸውን፥ የአባታቸውን ስም፥ ሳይጠየቁም የአያታቸውን ስም ጨምረው ተናገሩ። ባለፈው ጊዜ የቀረችው ልጅ ደብተሯን ዘግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያም ክኒኑ ተሰጠ፥ ሰዓቱ በወረቀት ላይ ተጻፈ፥ አራቱም ወደ ጥያቄያቸው ተመለሱ።